ሳልፈርም የቆየሁበት ግማሽ ሰዓት

የዛሬ አራት ዓመት በጥቅምት ወር ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። የዚያን ቀን ያደረግሁትን እስካሁን አልነገርኳትም፤ ከአእምሮዬ የማይጠፋውም ለዚህ ነው።

እንጅባራ የምኖር አናጺ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝም “እናቱን ሳያማክር ምስማር አይገዛም” እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ብዙም አልተሳሳቱም። እናቴ አዘና ነው የምትኖረው። ምጡ እንደጀመረ ደውዬላት በሚኒባስ ተሳፍራ ነበር።

ረፋድ ላይ አዋላጇ ወረቀት ይዛ ወጣች።

“የሕፃኑ የልብ ምት እየቀነሰ ነው። በኦፕራሲዮን መውለድ አለባት። ‘ባለቤቴ ይፈርምልኝ’ ብላለች” አለችኝ።

“እናቴ ትድረስና” አልኳት።

እናቴ ስምንት ልጆች የወለደችው እቤቷ ነው፤ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ነው። አዋላጇ ጊዜ የለም ብላ ለመነችኝ። ሐኪሙም ወጥቶ ተቆጣኝ። እናቴ ጋ ብደውል ኔትወርክ የለም። ወረቀቱን ይዤ የግቢውን በር በር አያለሁ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከዘንገና በኩል ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

“ማንን ነው የምትጠብቅ፣ ልጄ?”

“እናቴን ነው፣ አባባ።”

“የዚችን ልጅ እናት ኦፕራሲዮን እናድርጋት ሲሉኝ፣ እኔም ወንድሜ ይምጣ አልሁ። ወንድሜ የደረሰ ለቀብሯ ነው።”

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር።

ልጃችን ስትወለድ አላለቀሰችም። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወስደው ኦክስጅን ሰጧት፤ ዘጠኝ ቀን እዚያው ቆየች። እናቴ የደረሰችው ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ነው። እሷን ስጠብቅ እንደነበር ስነግራት ደነገጠች።

“እኔን? እኔ ስለ ኦፕራሲዮን ምን አውቄ! ሐኪሙን ያህል ሰው አጠገብህ ቆሞ!” ብላ አለቀሰች። የጠበቅሁት ምክር ይኸው ነበር።

ባለቤቴ ደህና ናት። ልጃችን ግን ለመራመድ ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ ቀኝ እጇ አሁንም በደንብ አይታዘዝላትም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ምክንያት ይሁን አይሁን ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት መናገር አይችሉም። ባለቤቴ “የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ አትዘን” ትለኛለች። እሷ ስታጽናናኝ አንገቴን እደፋለሁ። ከጸጸቱ ይልቅ ማጽናናቷ ይከብደኛል።

ይህ ጽሑፍ ታትሞ ከሰው ከምትሰማው እኔው ልነግራት ቆርጫለሁ። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የልጃችንን ጣቶች በቅባት እያሸች ነው። ቅድም ምን እየጻፍህ ነው ስትለኝ፣ “ስጨርስ አነብልሻለሁ” ብያታለሁ።

ጨርሻለሁ።