ባለ አንድ ዓይኑ እንስሳ

ባለፈው ሳምንት ብርድ ሽሽት የገባሁበት አንድ የደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ የዘይት ቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ሌላውን ሰው ራሱን የሚያዞር ሽታ ነው፤ ለኔ ግን የአባቴ ጋቢ ሽታ ነው። ተከትዬው ስሄድ አንድ ጠጉሩን ያንጨፈረረ ወጣት፣ ከብዙ ዘመን በፊት ከምድር የጠፋ እንስሳ ሥዕል አጠገብ ቆሞ፣ እንዴት እንደሳለው ለተማሪዎች ያስረዳል። ከአጥንቱ ነው የምንነሳው ይላል፤ አጥንቱ ላይ ሻካራ የሆነው ቦታ ጡንቻ ተጣብቆበት የነበረ ነው፣ ጥርሱ ምን ይበላ እንደነበር ይናገራል፣ የእግሩ ውፍረት ክብደቱን፤ የቀረውን፣ ቆዳውንና ጠጉሩን፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት ዘመዶቹ እንዋሳለን። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል። እኔ ግን መስማቴን ትቼ በሐሳብ ያደግሁባት ጎረቤላ፣ አንኮበር አጠገብ፣ ገብቼ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ከአንኮበር እስከ ሰላ ድንጋይ እጁ ያላረፈበት ደብር ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ ጋሽ ተክሌ ይለዋል። በሕይወቱ ያላየውን ሁሉ ይስል ነበር፤ መልአክ፣ ዘንዶ፣ ዝሆን፣ መርከብ የሚያናውጥ ባሕር፤ የሚያውቀው ትልቁ ውኃ ግን ክረምት ላይ የሚሞላው የታችኛው ወንዛችን ነበር። ሰው ይህን አንስቶ ሲያሾፍበት «እኔ የምስለው ያዩት ያወረሱኝን ነው» ይላል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። የወረሰው ሕግ ግልጽ ነበር፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳና ዲያብሎስ ሁለተኛ ዓይናቸውን አግኝተው አያውቁም። እኔም በልጅነቴ ያስቀየመችኝን ጎረቤት ሁሉ ደብተሬ ላይ በጎን እስላት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከአልዩ አምባ በታች የሚያርሱ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሰው ድንጋይ የሆነ ትልቅ የራስ ቅል በቃሬዛ አሸክመው ትምህርት ቤታችን መጡ። ዳገቱን ሲወጡ መንገደኛው ሁሉ ታማሚ መስሎት «እግዜር ይማረው» እያለ ያልፍ ነበር አሉ፤ እሳቸውም ማስረዳቱ ሲሰለቻቸው «አሚን» ማለት ጀምረው ነበር። ልጃቸው እኛ ጋ ይማር ስለነበር በቀጥታ ወደ ሳይንስ አስተማሪያችን ወደ መምህር ታደለ ሄዱ። «ጎርፉ ገደሉን ቢንደው ይሄ ወጣ። ወላሂ፣ አባቶቻችንም አያውቁት። የተማረ ይየው ብዬ ነው» አሉ።

መምህር ታደለ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የአንኮበርን ብርድ ያልለመደ፣ ካፖርት ለብሶ የሚያስተምር ወጣት ነበር። መንጋጋውን ሲዳብስ ብርዱን ረሳ። ሣር የሚፈጭ፣ ከምድር የጠፋ እንስሳ መሆኑን ነገረን፣ ለባለሙያዎች ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ እስኪመጣ ግን እንስሳው ምን ይመስል እንደነበር በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሳል ፈልጎ አባቴ ዘንድ መጣ። አባቴ ሦስት ቀን እምቢ አለ። ያየው ሰው የለም፣ ከማን ወርሼ ልስለው ነው ነገሩ። በአራተኛው ቀን «ለማየት ብቻ» ብሎ ሄደና ከራስ ቅሉ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ቅሉ ግንባሩ መካከል ላይ ሁለት ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጥልቅ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች፣ በግራና ቀኝ ጎኑ ደግሞ ጭቃ የሞላቸው ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት። አባቴ እንዲህ አነበበው፦ የመካከሉ ዓይን፣ የታችኞቹ የአፍንጫ ቀዳዳዎች፣ የጎኖቹ ጆሮዎች። ያኔ ማናችንም አልሳቅንም፤ መምህር ታደለም መጽሐፉ ውስጥ ስላላገኘው ራሱን ነቅንቆ ተቀበለው። አባቴን የጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። «ሣር ነጭቶ ያደረ እንስሳ ምን በደለና ነው በአንድ ዓይን የምስለው?» እያለ ምግብ ሳይቀር ተወ፣ እናቴም አንዳች ነገር ነክቶታል ብላ ጠበል ልታመላልሰው ስታስብ ነበር። መጨረሻ ላይ መላ አገኘ፤ አውሬውን ፊት ለፊት አቆመውና ያችን አንድ ዓይን እንደ አራስ ላም ዓይን ርኅሩኅ አድርጎ፣ ሽፋሽፍት ሳይቀር፣ ሣላት። ቀለሙን ቅሉ ላይ ከተጣበቀው አፈር ወሰደ።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። በየማለዳው በራችን ላይ ይጠብቀኝና እሱ መሰላሉን፣ እኔ ደብተሬን ይዘን አብረን እንሄዳለን፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከኋላችን ይንጋጋል። በዕድሜዬ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም። ሥዕሉ ሲያልቅ የአንደኛ ክፍል ልጆች ፈርተው በጓሮ በኩል መግባት ጀመሩ፤ የገበያ ቀን ሰው ጎራ እያለ ያየው ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ቄስ ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ በሐዘኔታ፣ ምን እንዳጠፋ ጠየቁ።

ገና ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ባለሙያው መጣ። ቅሉን ሲያይ እንደ ልጅ ተደሰተ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው። ክፋት አልነበረውም፣ አልቻለም እንጂ። ከዚያ ለተሰበሰበው ተማሪ አስረዳን፦ ይህ የጠፋ የዝሆን ዘመድ ነው፤ የመካከሉ ቀዳዳ የኩምቢው ሥር ነው፤ ኩምቢ አጥንት ስለሌለው በስብሶ ጠፍቷል፤ የታችኞቹ ረጃጅሞቹ ጥርሶች የተሰኩባቸው ናቸው፤ ዓይኖቹ ያሉት ሰዓሊው ጆሮ ያደረገበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዝሆን ሲስል የኖረ ሰው የዝሆን ራስ ፊቱ ተቀምጦለት አላወቀውም! እኔም ሳቅሁ፤ አባቴ ባርኔጣውን ይዞ ከኋላ ቆሞ እንደነበር እያወቅሁ ሳቅሁ።

አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ጌታዬ፣ ቀለሙስ? ጠጉርስ ነበረው? ጆሮውስ ምን ያህል ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱን እንኳ አጥንቱ አይነግረንም» አለ ባለሙያው። «እንገምታለን።»

«እንግዲያው የኔን ግምት ያርሙልኝ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ።»

ባለሙያው ሳቁን ዋጠ። ደብተሩን አውጥቶ ኩምቢውንና የዓይኖቹን ቦታ ነደፈለት፣ ወረቀቱንም ገንጥሎ ሰጠው። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ በራችን ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ በጓሮ ወጣሁ። ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ ስሄድ እሱ መጠበቁ ሰልችቶት ቀድሞን ኖሮ፣ ከፊታችን፣ በጉሙ ውስጥ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት። አንዷ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፤ ሌሎቹ ተንከተከቱ። አፈርኩበት። ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግሬ ላልፈው ስል ዞር አለ፤ አየኝ። «ቀደምሽኝ እንዴ፣ ልጄ?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍኩ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ርዕሰ መምህሩ እንግዳው ፊት አፍረው ኖሮ ግድግዳውን ገና ሳይነጋ ኖራ አስቀብተውት ነበር። አባቴ ወረቀቱን እንደያዘ ነጩ ግድግዳ ፊት ሲቆም በክፍላችን መስኮት አየሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ኖራ ይቀባ ለነበረው ዘበኛ ብሩሹ ያልደረሰበትን አንድ ጥግ በጣቱ አሳየው፤ መሰላሉን ተሸክሞም ሄደ።

ቅሉ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። አባቴም መሳሉን አልተወም፤ ከዚያ ወዲህ የሳላቸው ዝሆኖች እንዲያውም ከበፊቶቹ ይበልጣሉ ይባላል። እኔን ግን በር ላይ ቆሞ አልጠበቀኝም። አልተቆጣኝም፣ ለእናቴም አልከሰሰኝም፤ ዝም ብሎ ቀድሞኝ መውጣት ጀመረ። ስለ ሥዕሉ አላዝንም፤ ሳቁንም ቢሆን ልጅነት ነው ብዬ ለራሴ ይቅር ብያለሁ። የማልምረው ያን ማዶ መሻገሬን ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ በላሁ፤ በድዬሃለሁ ለማለት ከበቂ በላይ ጊዜ ነበር፤ አላልኩትም።