ከልጄ ጋር ለፈተና የተቀመጥኩ ጊዜ

ሰው ሁሉ «በዚህ ዕድሜዋ ነርስነት አማራት» እያለ ሲያወራብኝ ከርሟል። ወላሂ አላማረኝም ነበር። ከሚሴ ገበያ ውስጥ ሻሽና ሺቲ፣ የሴት ቀሚስ፣ የምሸጥባት መደብ አለችኝ፤ የጎረቤታችን የሰንበቴ ከተማ ገበያም ሲደርስ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። በዚያው ዕድሜዬን ብጨርስ ቅር የሚለኝ ሴት አልነበርኩም። ለፈተና የተቀመጥኩት ልጄ ዐረብ አገር እንዳትሄድብኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የበኩር ልጄ እዚሁ ከሚሴ በግል ኮሌጅ ነርስነት ተምራ ጨረሰች። መማር ብቻውን ግን ሥራ አያስገባም፤ ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ፈተና አለ። እሱን ያላለፈ የሙያ ፈቃድ አያገኝም፣ ፈቃድ የሌለውን ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? ልጄ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። በሳምንቱ ምሳ እየበላን፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እማ፣ ፓስፖርት ላወጣ ነው» አለችኝ። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። የሰፈራችን ልጃገረዶች አንድ በአንድ ሄደው አልቀዋል። የጎረቤቴ ልጅ ከሄደች ወዲህ እናትየው ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ እኔም ስለምፈራ ማን እንደደወለ ጠይቄያት አላውቅም። አባቷ «ተያት፣ ብትከለክያት ትጠላሻለች» አለና ከብት ሊገዛ ባቲ ሄደ። ለእሱ ቀላል ነው።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። «እኔስ ወድቄ የለም ወይ? ነይ፣ አብረን እንፈተን» አልኳት። አፌ ያመጣው ነው እንጂ አስቤበት አልነበረም።

ውሸቴን ግን አይደለም። እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ እናቴ ዘንድ ትቻት ደሴ ነርስነት ተምሬ ጨርሼ፣ ይህንኑ ፈተና ተፈትኜ ወድቄ ነበር። ሁለተኛ እፈተናለሁ ስል ወንድሟ ተፀነሰ፣ እሱ ሳይጠነክር ሌላው ተከተለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አራት ዓመት ነጎደ። የኮሌጁን ወረቀቴን ከሣጥን ሥር ቆፍሬ አውጥቼ አሳየኋት። ጉርድ ፎቶዬን አይታ በሳቅ ፈረሰች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «እሺ፣ አንቺ ከተፈተንሽ እፈተናለሁ» አለች። ፓስፖርቱ ቆየ።

ተማሪ ሆንኩ፤ አስተማሪዬም እሷ ሆነች። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ምንጣፉ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። እኔ የማውቀው መድኃኒት ግማሹ ተቀይሯል፣ ከቀረው ደግሞ የማስታውሰው የተሳሳተውን ነው። እንግሊዝኛውማ አይነሳ። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ መጽሐፉን ወረወርኩና «እኔ ምን በወጣኝ! የወለድኳት ልጅ መጫወቻ ታድርገኝ!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ምንም አልመሰላት፤ ሄዳ አነሳችው፣ አቧራውን አራገፈችና «ሲስተር፣ መጀመሪያ ይህቺን ገጽ ጨርሺ፣ ከዚያ ትናደጃለሽ» አለችኝ። ጉሉኮስ በደቂቃ ስንት ጠብታ መግባት እንዳለበት ማስላት አልገባ ሲለኝ ደግሞ ከዕቃዬ ውስጥ አንድ ጣቃ ጨርቅ ጎትታ ዘረጋችው። «ይህንን ለስምንት ሰው እኩል ብትቆርጪው ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?» አለች። ይህንንማ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። «በቃ፣ ጨርቁ መድኃኒቱ ነው፣ ሰዎቹ ደቂቃዎቹ ናቸው» አለችኝ። ገባኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ የኖርኩት እንዲህ የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍረኛል። ነገሩ ገባኝና ጣመኝ። መደቤ ላይ ገዢ ሲመጣ «ቆይ፣ ይህቺን ልጨርስ» ማለት ጀመርኩ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ራሴን ማየት ጀመርኩ። ለልጄ ብዬ የጀመርኩትን ለራሴ ፈለግሁት። የገበያው ሴቶች «አሮጊቷ ተማሪ» እያሉ ሲስቁብኝ እልህም ያዘኝ፤ እንደገና ብወድቅ በየት በኩል አልፋለሁ እያልኩ ሌሊትም እየተነሳሁ አነብ ነበር።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ቤታችን ወዳጃ አደረግን። በእኛ አገር አንድ ሰው ጉዳይ ሲኖርበት ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግለታል፤ ወዳጃ የምንለው እሱን ነው። የመሩት የሰፈራችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እየቀላቀሉ ሲመርቁ የሰው ሆድ ይባባል። ባለጉዳዩ ሐጃውን፣ ማለት የሚፈልገውን ነገር፣ በራሱ አፍ መናገር አለበት፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ለዚያ ጉዳይ አሚን ይላል። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሐጃሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እንዳልዋረድ ዱዓ አድርጉልኝ። ይህንን ፈተና አልፌ ሰው እንድሆን» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። «እኔና ልጄ» አላልኩም። ለልጄ ብዬ የጀመርኩት ሴትዮ ልጄን አላነሳኋትም። ቤቱ በአሚን ተሞላ፤ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እጇን ዘርግታ፣ ከሁሉም በላይ ድምፅዋን አውጥታ ለእኔ አሚን ትላለች። የተሰበሰበው ሰው የእኔ ሐጃ የቤታችን ሐጃ መስሎት የእሷን የጠየቀ የለም። ምርቃቱ ካበቃ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ክው አልኩ። ሴትዮዋን «ልጄን ረሳኋት፣ እንደገና እጃችሁን ዘርጉልኝ» ማለት ደግሞ አፈርኩ። እሷ እንደሆነ ጎበዝ ናት፣ ታልፋለች፣ ብዬ ራሴን ደለልኩ።

ደሴ ሄደን ተፈተንን። ጥያቄውን ሳነብ የሚመልስልኝ የልጄ ድምፅ ነበር። እሷ ከፊቴ ሁለት ወንበር ቀድማ ተቀምጣለች፤ ቀና ስል መልሷን ታጠቁራለች፣ በላጲስ ታጠፋለች፣ ደግሞ ታጠቁራለች። በአፏ እንደ ውሃ የምታፈሰው ልጅ ወረቀት ሲሰጧት ትርበተበታለች። «ተይ፣ የመጀመሪያው ልክ ነው» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አልጮህኩም፤ አንገቴን ደፍቼ የራሴን ሠራሁ።

ውጤት የወጣ ዕለት መደቤ ላይ ነበርኩ። ልጄ ስልኳን እያውለበለበች በገበያተኛው መሀል እየሮጠች መጣች። «አልፈሻል! እማ አልፈሻል!» እያለች አገላብጣ ሳመችኝ፤ እነዚያ ሲስቁብኝ የነበሩት ሴቶች ሁሉ እልል አሉ። እኔም ሞኟ አብሬ እልል አልኩ። ትንፋሼ ሲመለስ «የአንቺስ?» አልኳት።

«የኔንማ ቀድሜ አይቼዋለሁ» አለች፣ ሻሼን እያስተካከለችልኝ። «አልሆነም።»

ያን ሁሉ ስትሮጥና ስትጮህ መውደቋን ታውቅ ነበር። አንጀቴን በላችው። ያገኘሁትን ሻሽ ፊቴ ላይ ጥዬ፣ ገበያ መሀል እንደሆንኩ እንኳ ረስቼ አለቀስኩ።

ልጄ የቆየውን ፓስፖርት አወጣች። እንደገና እንድትፈተን ስንት ጊዜ ለመንኳት! ግን በምን አፌ? «አብሬሽ እፈተናለሁ» ማለቴ ነበር የያዛት፤ እኔ ደግሞ አለፍኩ። አብረን ብንወድቅ አብረን እንሞክር ነበር። የያዝኳትን ገመድ በገዛ እጄ ነው የበጠስኩት። አንድ ከሰዓት ልብስ ስናጥብ «ወዳጃው ላይ ረሳሁሽ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ደስ ብሎኝ ነበር። ለራስሽ ነገር ስትለምኚ ሰምቼሽ አላውቅም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈቃዴን አውጥቼ እዚሁ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች አዲስ አበባ ድረስ ለዋናው ምርመራ ደክመው «በሽታ አለባችሁ» ተብለው እንዳይመለሱ፣ አስቀድመው ደማቸውን እኛ ጋ ያሳያሉ። አንድ ጠዋት ቀጣይ ብዬ ስጣራ ልጄ ገባች። እንደምትመጣ አልነገረችኝም። «ሌላ ሰው እንዲወጋኝ አልፈልግም» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ክንዷን በጎማ አሰርኩ፣ ደም ሥሯን ዳበስኩ፣ በአልኮል ጠረግሁ። በአንድ ጊዜ አገኘሁት። «ጎበዝ» አለችኝ።

ደሟን ወስጄ ለላቦራቶሪው ባለሙያ ሰጠሁና በሩ ላይ ቆምኩ። እዚያ ቆሜ የተመኘሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንድ ነገር ይገኝባት አልኩ። የማይገድላት፣ ግን የሚያስቀራት። ጉበቷም ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ ብቻ አውሮፕላኑን የሚከለክላት። አስተግፊሩላህ! ወልጄ፣ አጥብቼ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳያማት ስሳሳላት የኖርኩ ሴት ለልጄ በሽታ ለመንኩላት፤ ከልቤ ነው የለመንኩት።

ባለሙያው ወረቀቱን አወጣልኝ። ምንም የለባትም። ቀድጄ ጥዬው «ተገኘብሽ» ብላት የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ እጄም ጫፉን ይዞት ነበር። ከዚያ ወስጄ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ፊቴን አየችኝ። የተመኘሁትን ያወቀች መሰለኝ።

«እማ፣ አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ» አለችኝ።

አልኩ።