መጨረሻውን ወደ መጀመሪያው አምጪው

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለዘር የሚሆን ማሽላ ሲመርጡ ዛላውን ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ይደረድሩና የመጨረሻውን አንስተው ከመጀመሪያው አጠገብ ያስቀምጡት ነበር። ከአንዱ ዛላ ጎን ያለውን ብቻ አይቶ "ሁሉም አንድ ነው" የሚል ሰው አይወዱም ነበር።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስትማር ፈተና ወድቃ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ መጣች። "ትቼው ዐረብ አገር እሄዳለሁ" አለችኝ። ሄደው የቀሩትን አውቃለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ምን ልበላት? ይዣት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ዘር እየመረጡ ነበር።

"ምን ብለሽ ነው የወደቅሽው?" አሏት።

"ነገርን በየወገኑ ለመመደብ መመሳሰል ይበቃል ብዬ፣ አባባ። ይህ ያንን ከመሰለ፣ ያም ሌላውን ከመሰለ፣ ይህም ሌላውን ይመስላል አልኩ። ስህተት ነው አሉኝ።"

አጎቴ ሳቁ። "ወላሂ፣ አንቺን ነው ገበሬ ያሳደገሽ? እነዚህን እያቸው። እያንዳንዱ ጎረቤቱን አይመስልም?"

"ይመስላል።"

"በይ መጨረሻውን ወደ መጀመሪያው አምጪው።"

አመጣችው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ልጄ ወዲያው ደብተሯን ፈለገች። በሳምንቱ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ዘንድሮ ትመረቃለች።

ዘንድሮ ዘሩን የመረጥኩት ብቻዬን ነው። ሰሌኑ ላይ የእሳቸውን ቦታ ትቼ ተቀመጥኩ። ብሳሳትስ፣ ማን ያርመኛል አልኩ። ቢሆንም መጨረሻውን አንስቼ ከመጀመሪያው አጠገብ አኖርኩት። አንድ ናቸው። ዘሩን እሳቸው ይሰቅሉበት በነበረው ቦታ ሰቀልኩት።