ዳቦ የሚወረወርበት የጫካ ምግብ ቤት

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኦክላንድ

ታናሽ ወንድሜ ሳምሶን "እማዬን ይዘሻት ነይ፣ የምሠራበትን ቤት ትይልኝ" እያለ ወር ሙሉ ነዘነዘኝ። አስተናጋጅ ነው። የሙከራ ጊዜው ዛሬ ያልቃል፤ ማናጀሩ ከወደደው ፉል ታይም ይቀጥረዋል፣ ከነኢንሹራንሱ። እማዬ ሳልቀሰቅሳት ነጠላዋን አጣፍታ መኪናው አጠገብ ቆማለች።

ሁለት ሰዓት፣ ሳን ሆዜ

ጋዝ ቀዳሁ። ቁርስ ሳምሶን ከልክሎናል፣ እዚያ ትበላላችሁ ብሎ። ከዚያ ወደ ተራራው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋብኛል።

"ቀስ በይ ልጄ፣ የቸኮለ ይለፍ" ትላለች እማዬ።

ሦስት ሰዓት፣ ጫካው ውስጥ

ቤቱ ከግንድ የተሠራ ነው። የጥንት እንጨት ቆራጮች ሰፈር መሆኑ ነው። ግድግዳው ላይ መጥረቢያና መጋዝ ተሰቅሏል፤ ወንበሩ ጉቶ። ለቁርስ ዘጠኝ ዶላር ከፍሎ ጉቶ ላይ መቀመጥ፣ ጉድ እኮ ነው! ሳምሶን ቀይ ዳማ ሸሚዝ ለብሶ ከሩቅ ፈገግ አለልን።

ደወል ተደወለ። አስተናጋጆቹ ቅርጫት ይዘው ወጡና ዳቦ መወርወር ጀመሩ። አዎ፣ ዳቦ! ሰው እየቀለበ ይስቃል፤ ያልተቀለበው ወለሉ ላይ ይንከባለላል፣ በጫማ ይረገጣል። ቆራጮቹ እንዲህ ነበር የሚበሉት አሉ። ውሸታቸውን ነው! ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሲጥል የዋለ ሰው ዳቦ ይረግጣል? እማዬ እግሯ ሥር የመጣውን አንስታ ሳመችው። ደሜ ፈላ።

ሳምሶን መጣ። ዳቦውን በሁለት እጁ፣ ዝቅ ብሎ ለእማዬ ሊሰጣት ሲል ማናጀሩ ከባንኮኒው ጮኸ።

"ሳም! ወርውር እንጂ!"

አዳራሹ ጠረጴዛ እየደበደበ "ወርውር! ወርውር!" አለ። የሳምሶን እጅ አየር ላይ ቀረ።

"እንዳታደርገው!" አልኩት። "እናትህ ላይ ዳቦ ወርውርና ወንድሜ አይደለህም።"

"እታለም፣ ማናጀሩ እያየኝ ነው እኮ።" ላብ በላብ ሆኗል።

"ምንድን ነው የሚሉት?" አለችኝ እማዬ። ነገርኳት።

"ካልወረወረ ሥራው ይቀርበታል?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ይቀርበታል።"

ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ዘረጋችው።

"በል ወርውር፣ መሬት አላስነካውም።"

ወረወረ። ነጠላው ላይ አረፈ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ማናጀሩማ እየሳቀ ያፏጫል። ተነስቼ በጥፊ ባጠናግረው ደስታዬ ነበር። እማዬ ቁጭ ብላ ዳቦውን ቆረሰችና ግማሹን ሰጠችኝ።

"አልበላም!"

"ብይ" አለች። በላሁ።

ቀትር፣ መመለሻ

ሳምሶን እየሮጠ መኪናው ጋ ደረሰብን። "እማዬ፣ ፉል ታይም አደረጉኝ!" ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔ ዞር ብዬም አላየሁት።

"እሰይ፣ ይባርክልህ" አለችና አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። "ዳግመኛ ግን እዚህ አልመጣም። ርቦህም ጠግበህም አንተ ና። ቤት፣ በእጅህ ታጎርሰኛለህ።"