የሔራን ጾም

ሔራን እናቷ የተቀበረች ዕለት ሥጋ በልታ ነበር።

የገና ዕለት ደብረ ብርሃን ባለው አዳሪ ትምህርት ቤት በሬ ታርዶ ተማሪው ሲጨፍር፣ እሷም ከጓደኛዋ ከማኅደረማርያም ሳህን ሳይቀር እየቀማች፣ እየሳቀች በላች። በዚያው ሰዓት አንኮበር ውስጥ፣ ጎረቤላ አጠገብ ካለው ደብር፣ እናቷን አፈር እያለበሷት ነበር። ማንም አልነገራትም። የግማሽ ዓመቱ ፈተና ደርሶ ነበርና አባቷ ቄስ ወልደአረጋይ «ልጅቱ እንዳትረበሽ» ብለው ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ አፉን አስያዙት። ለእሷ ሲባል መሆኑ ነው እንግዲህ! እኛ አገር ለሰው ሲባል የማይደረግ ግፍ የለም።

ፈተናው አልቆ ቤቷ ስትመጣ ገና ከደጅ «እማዬ፣ ሁለተኛ ወጣሁ!» ብላ ጮኸች። ጸበል ሄዳለች አሏት። እንደ ወጉ መርዶው ጎህ ሲቀድ ተነገራት። ሰዉ ደረቱን መታ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሔራን እንባ ግን እምቢ አለ። እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ገና ዕለት እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?

ወደ ትምህርት ቤቱ ከተመለሰች ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት። ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ወዲያው ሁዳዴ ገባና ገመናዋን ሸፈነላት። ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ፤ ማታም እንጀራዋን ቀስ አድርጋ ወደ ማኅደረማርያም ትገፋዋለች። ቀሚሷ ሰፋባት፣ ብርዱ አጥንቷን ሰረሰረው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዝባት ጀመር። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ከጭራዎቹ ተርታ ገባች።

«ወይ ጽናት!» ትላታለች ማኅደረማርያም። የመኝታ ቤት ኃላፊዋማ «የቄስ ልጅ እኮ ናት!» እያለች ሌሎቹን ትገሥጽባታለች። ብትሞትም ጻድቅ ሞተች ብለው ሊቀብሯት ነው። ሔራን ግን ጽድቅ አላማራትም፤ አንድ ሰው እጇን ይዞ «ምን ሆነሻል?» እንዲላት ነበር የምትመኘው። የሚላት ሲጠፋ፣ ከእናቴ ጎን ብተኛ ይሻለኛል እያለች ታስብ ጀመር።

ለፋሲካ ቤቷ ስትገባ መሸሸጊያዋ አለቀ። ቄስ ወልደአረጋይ ከቅዳሴ ተመልሰው ማዕዱን ባረኩና ለልጃቸው ከዶሮው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። ጎረቤታቸው እትዬ ወለተሐናም አብረው ሊፈስኩ መጥተዋል።

«እንኪ ልጄ። እንዳንቺ የጾመ የለም አሉ። እናትሽ ብታይሽ እንዴት ደስ ባላት!»

«አባዬ፣ ጾሜ አይደለም። መብላት አቅቶኝ ነው።» ሔራን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። «እማዬ ስትቀበር እኔ እየበላሁ እስቅ ነበር።»

የቄሱ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያም ማዕዱ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«እናትሽ፣ ልጄን ጥሩልኝ ብላ ነበር» አሉ። «ሔራንን ሳላያት አልሙት ብላ ለምናኝ ነበር። ፈተና ላይ ናት ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ሔራን ኡኡ አለች። እስከዚያ ድረስ እምቢ ያለው እንባ ሁሉ ባንዴ ገንፍሎ ወጣ፤ ጩኸቷ መንደሩን ቀወጠው። ጎረቤቱ ማዕዱን ትቶ ግር ብሎ መጣ። እትዬ ወለተሐና አፏን ሊይዟት ተነሡ።

«ኧረ በትንሣኤ አይለቀስም! አባ፣ እርስዎ እያሉ?»

«ተዉአት» አሉ ቄሱ። «ለሷ ቀብሩ ዛሬ ነው።»

እትዬ ወለተሐና ጥቂት ቆሙ። ከዚያም የበዓል ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ከልጅቷ ጎን ተቀምጠው ሙሾ ያወርዱላት ጀመር።