የጎረቤት ጾምና የእኛ ድስት

ጥፋቴን ያወቅሁት የቋንጣው ሽታ ከሸክላ ድስቱ ተንተክትኮ ወጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ነው። ዛሬ ዓርብ፣ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ከባልንጀራዬ ከተሾመ ጋር ለምሳ ገብቼ፣ እሱ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ «ለሁለታችን በአንድ ላይ» ብዬ ቦዘና ሽሮ አዘዝሁ። ተሾመ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ኦርቶዶክስ ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ስቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ሐኪሙ በሪህ ያበጠውን የእግሬን አውራ ጣት አይቶ «ሥጋ ይቀንሱ» ካለኝ ወዲህ መቀነሴን ለአገር ምድሩ ሳወራ የከረምሁ ሰው ስሆን፣ ቋንጣን ግን ከሥጋ አልቆጥረውም። ተሾመ እንጀራ ቆርሶ ሊያጠቅስ ሲል አሸተተና እጁን መለሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም የከለከለህን እኔ ላይ ልታራግፍ ነው?»

«ትንሽ ናት እኮ፣ ለሽታ ያህል ነው።»

«ሽታውንማ እኔም ጠገብሁት» አለና የጾም ሽሮ አስመጣ። እኔም ከእሱ ሳህን ስበላ ቦዘናው ብቻውን ቀዘቀዘ። እናቴ ብታየኝ ኖሮ አንገቷን ትደፋ ነበር፤ ባደግሁበት ግቢ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሰው አልነበረም።

ያደግሁት እዚሁ አምቦ፣ ሁለት ቤት በያዘ ግቢ ውስጥ ነው። አንደኛው የእኛ፣ ሌላኛው ባሏ ሞቶባት ብርቄ የምትባል አንዲት ልጇን ይዛ የምትኖረው የእትዬ አስካለ ነበር። የሁለቱን ቤት ማድቤት የሚለየው ግድግዳ ጣሪያው ድረስ ስለማይደርስ፣ የእኛ ጭስ በእሷ፣ የእሷም በእኛ በኩል ይወጣ ነበር። እትዬ አስካለ ኦርቶዶክስ ስለነበረች፣ ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ማንም ሳያዛት የቅቤውን ቅል አርቃ ትሰቅልና፣ እስከ ፋሲካ ሥጋም ቅቤም እሳታችን አጠገብ አይደርስም ነበር። አባቴ በጣም ሲያምረው በእግሩ ጉደር ዘመድ ዘንድ ሄዶ በልቶ፣ አፉን አጥቦ ይመጣ ነበር። እኔ በሆዴ በኩል ብርቱ ሃይማኖተኛ ስለነበርሁ፣ አንድ ቀን «እኛ እኮ ጾም የለብንም» ብዬ እናቴን ልሰብካት ሞከርሁ።

«ጾምስ የለብንም፤ ጎረቤት ግን አለን» አለችኝና ጎመኑን አቀረበችልኝ።

አንድ ዓመት በጋው ገና ሳያልቅ፣ ሁዳዴ እኩሌታው ላይ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዋቅጅራ ከወንጪ በፈረስ፣ ሙክት በግ እያስነዳ መጣ። አባቴ እርሻውን ትቶ ከተማ በመግባቱ ተቀያይመው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረው ነበርና፣ የመጣው ለዕርቅ ነው። ለዕርቅ የመጣ ታላቅ ወንድም ደም ሳይፈስለት ከተመለሰ ደግሞ ተንቋል ማለት ነው፤ ሁለተኛም አይመጣም። አባቴ ቢላዋውን እየሳለ፣ እናቴ አንዴ ወንድማማቾቹን፣ አንዴ ያንን አጭር ግድግዳ እያየች ቆማ ሳለ፣ እትዬ አስካለ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«አዴ ጫልቱ፣ በእኔ ምክንያት እንግዳ አታሳዝኑ፤ ይታረድ። አንድ ቀን አፍንጫዬን ይዤ ብውል አልሞትም።»

«አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ፣ እኛ በምን አፋችን ልንጎርስ?» አለች እናቴ።

ኦቦ ዋቅጅራ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። የአባቴ ፊት አመድ መስሏል። እትዬ አስካለ ማድቤቷ ገባችና የሽምብራ ዱቄት አቡክታ፣ ጭራና ዓይን ያለው ዓሣ አስመስላ ቀርጻ፣ በዘይት ጠብሳ፣ በቀይ ወጥ ውስጥ አስተኝታ ይዛ መጣች። ኦቦ ዋቅጅራ የወንጪ ሐይቅ ዳር ይኑር እንጂ ዓሣ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ሳህኑን እባብ እንዳየ ሰው ራቅ ብሎ ተመለከተው።

«አጥንቱ ያንቃል ይላሉ» አለ።

«አይዞዎት ኦቦ» አለችው በራሱ ቋንቋ በኦሮምኛ፣ «ይኼኛው የሽምብራ ማሳ ውስጥ ነው የዋኘው።»

ፈራ ተባ እያለ ጎረሰ። አላመጠ፣ ቆም አለ፣ ከዚያም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አባቴ አፍ ዘረጋ፤ አባቴም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጎረሰ።

«በጉ ይቆይ» አለ አጎቴ። «ሁላችንም የምንበላው ቀን ይታረዳል፤ እኔም ያን ቀን እመጣለሁ።»

በፋሲካ መጣ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እትዬ አስካለ ጎረሰች። የተረፈው ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ከምድጃችን በላይ ተሰቅሎ፣ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረን፣ እናቴ ጥቂት ዘለላ እየቆረጠች ለመላው ቤት ሽሮ ታጣፍጥበት፣ ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ቋንጣው እዚያው ተሰቅሎ እኛን እያየ፣ እኛም እሱን እያየን እንከርም ነበር። ሥጋ የምንበላበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ብቻችንን የበላንበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

አሁን በየግቢው ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ የማን ድስት ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ልጆቼ «አባዬ፣ ሥጋ ተውህ እንዴ?» ሲሉኝ «አልተውሁም፣ ቀጠሮ ሰጥቼው ነው» እላቸዋለሁ። ነገር ግን ለአውራ ጣት ብሎ መቀነስ እንዴት ይከብዳል፤ እናቴ ለሰው ብላ ስትቀንስ እኮ ቀላል ነበር፣ እንኳን እሷን፣ እኔን ሆዳሙንም አልጎዳኝም። በየጾሙ ድስታቸውን ስላጎደሉልኝና በየበዓሉ ስለሞሉልኝ እናቴንም እትዬ አስካለንም አመሰግናለሁ።

የእትዬ አስካለ ልጅ ብርቄ ዛሬ ጉደር ነው የምትኖረው፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ባለፈው ፋሲካ በባለክዳን ሳህን ዶሮ ወጥ ሞልታ ልካልኝ ነበር። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ እኔ ደግሞ ወጥ መሥራት አልችልም፤ ሳህኗ ታጥባ አሁንም እኔ ቤት ናት።