እትዬ ጨው የመረጠችው ኮራል

ትክክለኛ ስሟን ከደመወዝ ክፍሉ በቀር የሚያውቅ የለም። ተማሪውም መምህሩም እትዬ ጨው ነው የሚላት። ለትምህርት ቤቱ የዓሣ ገንዳ ጨው በባልዲ በጥብጣ የባሕር ውኃ የምታዘጋጀው እሷ ስለነበረች እጇ ሁልጊዜ ነጣ ብሎ ይሰነጣጠቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆና ሠርታለች። እኔ ራሴ እዚያው ስማር የጋለ የመስታወት ቱቦ በመያዣ እንጂ በጣት እንደማይያዝ ያሳየችኝ እሷ ነች። ኋላ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ስመለስ ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፣ ዞር ስትል «እሷ»። አሁንም እንደዚያው ልቀጥል፤ በዚህ ዕድሜዬ ጨዋ ለመምሰል አልደክምም።

የምትኖረው ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ መራመድ ከማትችል ታላቅ እህቷ ጋር ነበር። ጡረታ መውጫዋ ደርሷል። ጡረታ ወጣች ማለት ደግሞ ክፍሏን ለቀቀች ማለት ነው።

አዲሱ የኮራል ገንዳ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። መስታወቱ፣ መብራቱ፣ ፓምፑ ተሟልቶ እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተተከለ፤ የቀረው ኮራሉን፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን የባሕር ፍጡር፣ መምረጥ ብቻ ነበር። እኔ ከመጽሐፍ ላይ ያየሁትን ገዛሁ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው፣ ጫፉ ሐምራዊ የሆነውን። እትዬ ጨው ገና ከረጢቱን ስታይ አፏን ያዘች።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ቅምጥል ነው። ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም ሰኞን አያያትም።»

«እርስዎ ቱቦዎን ይጠቡ» አልኳት፣ ተማሪ ፊት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኮራሉ እንደ አጥንት ነጣ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «እትዬ ጨው ብለው ነበር እኮ!» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ይባስ ብሎ ዳይሬክተሩ መጣና እኔን እንዳላየ አልፎ እሷን ጠራት።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እስከ ወላጆች ቀን ሁሉም በሕይወት ከቆየ፣ ገንዳውን እየጠበቅሽ ክፍልሽ ውስጥ ትኖሪያለሽ። አንዱ ከሞተ ግን ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

ኮራሉን ወደገዛሁበት የጌጥ ዓሣ ሻጭ አብሬያት እንድሄድ ታዘዝኩ፤ ባልዲ ተሸካሚ ሆኜ መሆኑ ነው። ሻጩ ከፊት የተደረደሩትን የሚያብረቀርቁ ኮራሎች ሲያሳያት ቀና ብላም አላየችም።

«ጓሮ ምን አለህ?» አለችው።

ጓሮ፣ ግማሹ አምፖል በተቃጠለ ገንዳ ውስጥ ገዢ ያጡ ኮራሎች ተኮልኩለዋል።

«እትዬ፣ እነዚህን እኮ ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልገዛቸውም።»

«ስድስት ወር አንተን ከቻሉ ተማሪውንም ይችሉታል።»

እያንዳንዱን ከነድንጋዩ እያነሳች አሸተተች፤ የሚከረፋ ከሆነ የበሰበሰ ነገር አለበት። ከዚያ መልሳ ውኃው ውስጥ አስቀምጣ በላባ ጫፍ ትነካዋለች፣ በከንፈሯም ትቆጥራለች። ወዲያው ተሸማቅቆ ቶሎ የሚፈታውን ወሰደች፤ ተነክቶ ዝም ያለውን ተወችው። ኮራል እንስሳ መሆኑን እኔ በሰሌዳ አስተምራለሁ፤ እሷ ግን ዶሮ እንደሚገዛ ሰው ነበር የምታገላብጠው። በመጨረሻ ሦስት መረጠች። አንዱ ልብስ ላይ የተሰፋ ቁልፍ ይመስላል፣ አንዱ እንጉዳይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲነኩት የጫማ ቆዳ የሚመስል፣ ሲከፈት ትንንሽ ጣቶቹን የሚያወዛውዝ ወፍራም ቡናማ ነገር ነው።

ሦስቱም ኖሩ። መብራት ጠፋ፣ ኖሩ። ተማሪ ላጲስ ጣለባቸው፣ ኖሩ። እኔ በየጠዋቱ ክፍሉን የምከፍተው አንዱ ሞቶ እንደሆነ ብዬ ነበር። የሰው ክፋት እንዲህ ነው ብዬ አላመካኝም፤ የእኔ ነው።

የወላጆች ቀን አምስት ቀን ሲቀረው ቆዳ መሳዩ ኮራል ጣቶቹን ሰበሰበ። ኩምትር ብሎ ግራጫ ሆነ፣ ላዩም ሻማ እንደፈሰሰበት አብለጨለጨ። መጽሐፌን ገለጥኩ። ይሄ ዓይነቱ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል ይላል፤ ሳምንት ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይከርምና ላዩ ላይ ያለችውን ስስ ቆዳ ከነእድፏ ገፍፎ ይጥላል፣ ጤነኛ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና መጽሐፉን ከደንኩ።

በቀኑ ዳይሬክተሩ ወላጆቹን አስከትሎ ገባ። አንድ አባት ጣቱን መስታወቱ ላይ ቀሰረ።

«የሞተ ነገር ነው እንዴ ለልጆች የምታሳዩት?»

«አልሞተም ጌታዬ» አለች እትዬ ጨው። «ቆዳውን ሊቀይር ነው። ጥቂት ቀን ብቻ ታገሱኝ።»

«ድንጋዩ ቆዳ ሊቀይር!» አለ ሰውዬው። ወላጆቹ ተሳሳቁ። ዳይሬክተሩ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ እኔ ዞረ።

«የባዮሎጂ መምህሩ አንተ ነህ። ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

እትዬ ጨው ይሄን ስትሰማ እፎይ አለች። ዓይኔ ነው ያየው፣ ትከሻዋ ወረደ። አሁን የሚያውቅ ሰው ተጠየቀ ብላ ነው። እንደዚያ ማመኗ የባሰ አናደደኝ።

«ሞቷል» አልኩ።

ሰኞ እትዬ ጨውና እህቷ ቁልፉን አስረክበው ዕቃቸውን ጫኑ። እህቷን ከነወንበሯ ተሸክመን መኪናው ላይ ያወጣናት እኔና ዘበኛው ነን። አሮጊቷ እጄን ይዛ «እድሜ ይስጥህ ልጄ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ያዘነልን አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። አሜን አልኩ።

ኮራሉን እንድጥለው ታዝዤ ነበር፤ እጄን እዚያ ውኃ ውስጥ መንከር ስለጠላሁ አልጣልኩትም። ሐሙስ ጠዋት ግራጫዋ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጣ ጣቶቹ ከበፊቱ ረዝመው ወጥተዋል። ዳይሬክተሩ አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«ባለሙያ እጅ ሲገባ እንዲህ ነው! ከሞት አስነሳኸው እኮ!»

አመሰገንኩት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት እትዬ ጨው የእህቷን መድኃኒት ረስታ ኖሮ ልትወስድ መጣች። በክፍሉ በር ስታልፍ ገንዳውን አይታ ቆመች። ክው አልኩ። ገባችና ጎንበስ ብላ አየችው፤ ፊቷ ላይ ደስታ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ከጎኑ የቀረችውን ቆዳ እንዳትልጣት። ፓምፑን ወደሱ አዙርለት፣ ውኃው ራሱ ይወስዳታል።»

«እሺ። እህትዎ እንዴት ናቸው?»

«ያገኘነው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንዴ አውጥተናታል፣ እንግዲህ የምትወርድም አይመስለኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ያን ቀን አላወቅክም ነበር አይደል፣ መምህር?»

«አላወቅኩም።»

«እሱማ። ብታውቅ ኖሮ ትነግርልኝ ነበር። ለእህቴም እንደዚያ ነው ያልኳት።»

ስትወጣ ፓምፑን እንዳለችኝ አዞርኩት። ከዚያ ግቢው በር ድረስ ሄጄ ዘበኛውን ጠራሁት።

«ያቺን ሴትዮ ሁለተኛ እንዳታስገባት።»

«ማንን? እትዬ ጨውን?»

«እሷን።»